የምጸልየው እኔ፣ የምትታገሠው እሷ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዳር ነው የምገባው። ክርስቲያን ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። አብራኝ የምታድረው ባልደረባዬ ከስሪላንካ የመጣች የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። አረጋውያኑ ሲሰድቧት፣ አንዳንዴ በእጃቸው ሲመቷት እንኳን ድምጿን ከፍ አታደርግም። እኔ ሌሊቱን እንደ ምንም ችዬው አድርና ጠዋት ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ባለፈው ትልቁ ልጄ ‹እማዬ፣ ደግ የምትሆኚው ለሥራ ቦታ ሰዎች ብቻ ነው እንዴ?› አለኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ባልደረባዬ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀምጬ ትንፋሼን እንድከታተል አስተማረችኝ። እውነቱን ለመናገር ረድቶኛል። ለጸሎት ጓደኛዬ ስነግራት ግን ክው አለች። ‹ለባዕድ አምልኮ በር እየከፈትሽ ነው› አለችኝ። እህቴ ደግሞ ‹ሁሉም መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ ምን ያካብድሻል› ትለኛለች። አሁን የባልደረባዬ እናት ዐርፈዋል። በሰባተኛው ቀን መነኮሳት ተጠርተው መታሰቢያ ይደረግላቸዋል። እኔንም ጠርታኛለች። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ይኼ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጸልዬ እንዴት ከእሷ አነስኩ? እምነቴ ውሸት ነበር ማለት ነው?»

ግራ የገባት እናት

ምላሽ፦

እህቴ፣

ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔ ግን ካልጠየቅሽው ልጀምር። ለመሆኑ መቼ ነው የምትተኚው?

አዳር ሠርተሽ ጠዋት ቤት ትገቢያለሽ። ያ ሰዓት ልጆች ለትምህርት ቤት የሚጣደፉበት ነው። አንዱ ካልሲ ያጣል፣ ሌላው ደብተር ረስቶ ከደጅ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታነሺ፣ ስታገላብጪ፣ ስታጥቢ አድረሽ ወገብሽ አልታዘዝ ብሏል። ከቀኑ ሁሉ ይህን ሰዓት መርጠሽ ነው እምነትሽን ሚዛን ላይ ያወጣሽው። ማንም ሰው በዚያ ሰዓት ቢመዘን ቀልሎ ይገኛል።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ያለውን የኤልያስን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ነቢዩ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በረሃ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። ምን ብሎ እንደለመነ ልብ በዪልኝ። «እኔ ከአባቶቼ አልበልጥም» ነው ያለው። እሱም ራሱን ከሌላ ሰው ጋር እያስተያየ ነበር። እግዚአብሔር ለዚህ መልስ አልሰጠውም፤ አልገሠጸውምም። ኤልያስ ተኛ። መልአክ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ እንደገና አበላው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ ወዲያ ነው።

በባልደረባሽም እምነት ይህን የሚመስል ነገር አለ። ሲድሃርታ ጎታማ ቡድሃ ከመባሉ በፊት ለስድስት ዓመት ያህል ራሱን በረሃብ ቀጥቶ ነበር። አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ከሳ። በመጨረሻ ሱጃታ የምትባል ሴት በወተት የተቀቀለ ሩዝ አመጣችለትና በላ። አብረውት ራሳቸውን ሲቀጡ የነበሩት አምስቱ ጓደኞቹ «ይኼስ ላላ» ብለው ትተውት ሄዱ። እሱ ግን ሰውነትን እያሠቃዩ አእምሮን ማጥራት እንደማይቻል ገብቶት ነበር። ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው የሕንድ ቦታ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ እውነቱ የበራለት ያንን ምግብ ከበላ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እንቅልፍሽን አስተካክዪ። አዳሮችሽ ተከታታይ ከሆኑ አለቃሽን እንዲያራርቁልሽ ጠይቂ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የሚሸኝልሽ ሰው ካለ፣ ባል ይሁን ዘመድ ይሁን ጎረቤት፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን ያግዝሽ። ይህን ስልሽ ጥያቄሽን አቅልዬው አይደለም። የደከመ ሰው ስለ ነፍሱ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ እንምጣ። «እንዴት ከእሷ አነስኩ?» ብለሻል። እህቴ፣ እሷን የምታውቂያት በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ራስሽን ግን በሥራም፣ በቤትም፣ በልብሽ ውስጥም ታውቂያለሽ። ታዲያ በምን ለክተሽ አነስኩ አልሽ? እሷ ቤቷ ስትገባ ምን እንደምትሆን አላየሽም። በእሷ ዓይን ደግሞ አንቺም ሌሊቱን ሙሉ ችላ የምታድር ታጋሽ ሴት ልትሆኚ ትችያለሽ። ልጅሽ ራሱ መስክሮልሻል። በሥራ ቦታ ደግ መሆንሽን ያውቃል። ቅር ያለው ደግነቱ ቤት ሳይደርስ ማለቁ ነው።

ደግሞም ቡድሂስት ሁሉ አይቆጣም ማለት አይደለም። ሰዎቹ የማይቆጡ ቢሆኑ ኖሮ ቡድሃ ስለ ቁጣ ያን ያህል ባላስተማረ ነበር። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ ሁለት ቀስት ነው። አንድ ሰው በቀስት ይወጋል። ወዲያው በሁለተኛ ቀስት ይወጋል። የመጀመሪያው ማንም የማያመልጠው የሥጋ ሕመም ነው። ሁለተኛው በሕመሙ ላይ ራሳችን የምንጨምረው ብስጭትና ምሬት ነው። ልቡን ያስተማረ ሰው የሚያመው የመጀመሪያው ብቻ ነው ይላል። የአንቺን ጠዋት በዚህ እዪው። ካልሲ ጠፋ፤ እሱ የመጀመሪያው ነው። «እዚህ ቤት ለእኔ የሚያስብ ሰው የለም» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከኋላው ይመጣል። የሚያስጮህሽ ያኛው ይመስለኛል።

የክርስትና አባቶችም ይህን አልሳቱትም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ስለ ቁጣ የጻፈው አንቺን የሚያጽናና ነው። ቁጣ በተለይ በጸሎት ሰዓት አእምሮን ይይዝና ያስቀየመንን ሰው ፊት ከፊታችን ይደቅናል ይላል። ቀኑን ሙሉ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ እነዚያ። ቁጣ መጣባቸው ተብሎ ጸሎታቸው ውሸት ነው አልተባለም። ምክሩ ሌላ ነበር። ሐሳቦችህን ተከታተል፤ መቼ እንደሚበረቱ፣ መቼ እንደሚላሉ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አስተውል፤ ከዚያም ትርጉማቸውን ክርስቶስን ጠይቀው።

ቡድሃም ለመነኮሳቱ በጣም የሚቀርብ ነገር አስተምሯል። ልብህ ውስጥ ቁጣ ሲኖር «ቁጣ አለ» ብለህ ዕወቅ፤ ሳይኖር ሲቀርም «የለም» ብለህ ዕወቅ። አትሸፍነው፣ አታባብሰው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ ነው የሚለያዩት። ቡድሂስቱ ቁጣው እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚጠፋ ይመለከታል። እያየው ሲሄድ የሚይዘው «እኔ» የሚባል ቋሚ ነገር እንደሌለ ይረዳል፤ ከዚያም ነጻ ይወጣል። ኤቫግሪየስ ግን ያገኘውን ይዞ ወደ አንድ አካል ይዞራል። ይጠይቀዋል፤ ምሕረት ይለምነዋል። ትኩረት መስጠትን ከማንም መማር ይቻላል። ያየሽውን ይዘሽ ወደ ማን እንደምትሄጂ ግን እምነትሽ ነው የሚወስነው።

የትንፋሹን ነገርም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። መተንፈስ የማንም ሃይማኖት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ሕመምና ጭንቀት ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ከቡድሂስት ሜዲቴሽን ወስደው ሃይማኖታዊ ይዘቱን አውጥተው ነው ያዘጋጁት። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ከዚያ የመጣ ነው። አንቺ ከፈረቃሽ በፊት የምታደርጊው ከዚህ ብዙም አይለይም።

በክርስትናም ቢሆን ትንፋሽና ጸሎት ተራርቀው አያውቁም። በ7ኛው መቶ ዘመን በሲና የኖረው ዮሐንስ ዘሰዋስው የኢየሱስን ስም ማሰብ ከትንፋሽሽ ጋር አንድ ይሁን ብሎ መክሯል። በ14ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በግሪክ ያለው የአቶስ ተራራ መነኮሳት ከትንፋሻቸው ጋር «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» እያሉ ስለሚጸልዩ ተከሰሱ። ከእነሱው አንዱ የነበረው መነኩሴ ግሪጎሪዮስ ጳላማስ ተከራከረላቸው። በ1341 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለእነሱ ፈረደ። በአንዳንዶች ዘንድ እንግዳ የመሰለው ነገር ለሌሎች የአባቶቻቸው ጸሎት ነበር።

ይህን ስል ግን ጓደኛሽን ዝም ለማሰኘት አይደለም። የፈራችው ባዶ ነገር አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በጥቅምት 1989 በዚሁ ጉዳይ ላይ ለጳጳሶቿ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጡ የተመስጦ መንገዶችን በጅምላ አትጣሉ ትላለች። ነገር ግን ሰውነት ሲረጋ የሚሰማውን ደስ የሚል ስሜት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ነው ብሎ መውሰድ ስሕተት ነው ብላ ታስጠነቅቃለች። ይኼ ትልቅ ነጥብ ነው። ልብሽ ስለረጋ ጸልየሻል ማለት አይደለም። ልብሽ ስለታወከም አልጸለይሽም ማለት አይደለም። አንቺ ሁለቱን አንድ አድርገሽ ነው የተጨነቅሽው። እንዲያውም ታውኮ ወደ እግዚአብሔር የጮኸ ሰው መዝሙረ ዳዊትን ግማሹን ይሞላዋል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ዝም ብለሽ መቀመጡን አትተዪ ነው። ግን በራስሽ አድርጊው። ስትቀመጪ በምትጠሪው ስም ጀምሪ። ትንፋሽሽን ስትከታተዪ በኦሪት ዘፍጥረት 2 የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ያለውን አስቢ። ስትነሺ በዚያ ሌሊት የምትንከባከቢያቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጥሪያቸው። ኅሊናሽ ይህንንም እንኳን እንቢ ካለሽ ተዪው። ጳውሎስ በሮሜ 14 እንዳለው፣ እየተጠራጠሩ የሚያደርጉት ነገር ለማንም አይበጅም። ለባልደረባሽም ንገሪያት። «አንቺ ያስተማርሽኝን እኔ በጸሎት ነው የማደርገው» በያት። ትረዳሻለች። ከእሷ መደበቁ ነው የሚያሳፍረው።

እህትሽ «ሁሉም መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው» ማለቷን ግን አልቀበለውም። ለማስታረቅ ብላ ነው፤ ገብቶኛል። ነገር ግን ሁለቱንም ሃይማኖቶች ሳያዳምጡ የሚነገር ነገር ነው። ቡድሃ ስለ ፈጣሪ አምላክ አላስተማረም። ትምህርቱ የሚነሣው ከሥቃይ ነው። ሥቃይ አለ፤ ምንጩ ምኞት ነው፤ ማብቂያ አለው፤ ወደ ማብቂያው የሚወስድ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። ሰው ደጋግሞ ይወለዳል፤ ግቡ ከዚያ መውጣት ነው። ክርስትና ደግሞ የሚነሣው ዓለምን ከፈጠረ፣ ከወደደ፣ ሰው ሆኖ ከተሰቀለና ከተነሣ አምላክ ነው። አንድ ሕይወት፣ አንድ ሞት፣ አንድ ትንሣኤ። አንዱ ልክ ነው ሌላው ስሕተት ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። አንድ ናቸው ማለት ግን ባልደረባሽንም አንቺንም አለማክበር ነው።

በሌላ በኩል መቀራረቡ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ክርስቲያኖች ለብዙ መቶ ዓመታት የቅዱስ ልዑል ታሪክ እያሉ ሲያነብቡት የኖሩት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ መነሻው የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ፣ በዐረብ፣ በጆርጂያና በግሪክ አድርጎ ዓለምን ዞረ። በግዕዝም አባ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ተርጉመውታል። በቤተ መንግሥት ተድላ ያደገው ልዑል በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ የሚደነግጥበት ክፍል እዚያም አለ። ጓደኛሽን ይህን ንገሪያት። ትደነቃለች እንጂ የምትቆጣ አይመስለኝም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው መነኩሴ ቶማስ መርተን አለ። በኅዳር 1968 ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ዳራምሳላ ሄዶ ከቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ከዳላይ ላማ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኘ። ስለ ጸሎትና ስለ ተመስጦ ብዙ ተጫወቱ። በሚቀጥለው ወር ታይላንድ ውስጥ በድንገት ዐረፈ። የሞተው ካቶሊክ መነኩሴና ካህን ሆኖ ነው። መማር ማለት መለወጥ ማለት አለመሆኑን ከእሱ ሕይወት ማየት ይቻላል።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ነገር ልምጣ። ስለ ዕለት ሥራ ማለቴ ነው። አንቺ ጸሎት እዚያ፣ ሥራ እዚህ፣ ልጆች ደግሞ ሌላ ቦታ ያሉ አድርገሽ ጽፈሻል። በሁለቱም ሃይማኖት እንዲህ ከፋፍለው ያላዩ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን ላንሣልሽ። ሁለቱም ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሠሩት።

አንደኛው በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የኖረው ወንድም ሎረንስ ነው። ወታደር ነበር፤ እግሩን ተጎድቶ ያነክሳል። ቀርሜላውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ገባና ወጥ ቤት ተመደበ። ወጥ ቤት በተፈጥሮው የሚጠላው ሥራ ነበር። ዓመታት እዚያው ሠራ። ሰዎች ከዚህም ከዚያም ሲጠሩት፣ ድስት ሲንጫጫ፣ በጸሎት ሰዓት ከእግዚአብሔር ጋር የሆነውን ያህል እዚያም ከእሱ ጋር ነኝ ይል ነበር። ይህን በአንድ ቀን አልደረሰበትም። መጀመሪያ ላይ ለረጅም ዓመታት እንደተሠቃየ፣ ደጋግሞ እንደወደቀና ደጋግሞ እንደተመለሰ ራሱ ጽፏል።

ሁለተኛው ቬትናማዊው የቡድሃ መነኩሴ ቲች ናት ሃን ነው፤ በ2022 ነው ያረፈው። ልጅ ሳለ ሁዌ ከተማ ያለ ገዳም በጀማሪነት ገባ። ዕቃ የማጠብ ተራ ሲደርሰው አንዳንዴ ከመቶ በላይ መነኮሳት የበሉበትን ያጥብ ነበር። ሳሙና አልነበረም። አመድ፣ የሩዝ ገለባና የኮኮናት ቅርፊት ብቻ ነበር። በክረምት ውኃው ይቀዘቅዝ ስለነበር መጀመሪያ ማሞቅ ነበረበት። በኋላ ሲያስተምር ዕቃ ስታጥብ ዕቃ ማጠብህን እያወቅህ እጠብ ይላል። ከታጠበ በኋላ የምጠጣውን ሻይ እያሰብኩ ካጠብኩ፣ ሻዩንም ስጠጣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው የምጠጣው ይላል።

እዚህም ልዩነቱን አስተውዪ። ሎረንስ ድስቱን ሲያጥብ ከአንድ ሰው ጋር እያወራ ነው። ናት ሃን ሲያጥብ ከሚያጥበው ዕቃ ጋር ነው። ግን ሁለቱም እዚያው ናቸው። አንቺ ጠዋት ልጆችሽ መካከል ቆመሽ እዚያ የለሽም። ሰውነትሽ ቤት ገብቷል፤ ልብሽ ገና ሥራ ቦታ ነው፣ ወይም አልጋሽ ላይ ነው። ልጅሽም ያወቀው ይህንን ነው።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የሥራሽ ጉዳይ ነው። በቡድሂስት ገዳም ሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። አንድ መነኩሴ በተቅማጥ ታሞ ሽንቱና ዐይነ ምድሩ ላይ ወድቆ ነበር። ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር ሲያልፍ አየው። «የሚያስታምምህ ሰው የለህም?» አለው። «የለኝም» አለ። «ለምን?» ቢለው «እኔ ለእነሱ የማደርገው ነገር ስለሌለ አያስታምሙኝም» አለ። ቡድሃ አናንዳን ውኃ እንዲያመጣ ላከው። ቡድሃ ውኃውን አፈሰሰ፣ አናንዳ አጠበው። አንዱ በራሱ በኩል፣ አንዱ በእግሩ በኩል ይዘው አንሥተው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ መነኮሳቱን ሰበሰበና እናት አባት የላችሁም፤ እርስ በርስ ካልተጠባበቃችሁ ማን ይጠብቃችኋል፤ እኔን ማስታመም የሚወድ በሽተኛውን ያስታምም አላቸው። ጥሩ አስታማሚ መድኃኒት ማዘጋጀት የሚችል፣ ለበሽተኛው የሚበጀውን ከማይበጀው የሚለይ፣ ሽንትና ትውከት የማይጸየፍ፣ ለጥቅም ሳይሆን በርኅራኄ የሚሠራ፣ በመልካም ቃልም የሚያበረታታ ነው አለ። የሚያስቸግር በሽተኛንም አልረሳም። መድኃኒቱን የማይወስድ፣ ልኩን የማያውቅ፣ ሕመሙን የማይናገር ነው ብሎ ዘርዝሯል። እነዚህን ሰዎች በስም የምታውቂያቸው አይመስልሽም?

ባልደረባሽ ሲመቷት ዝም የምትለው ይህን እየሰማች ያደገች ስለሆነች ይሆናል። አንቺም እየሰማሽ ያደግሽው አለ። ማቴዎስ 25፦ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል።» «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት።» ቡድሃ በሽተኛውን ማስታመም እኔን እንደማስታመም ቁጠሩት አለ። ክርስቶስ ደግሞ በሽተኛው እኔ ነኝ አለ። አንቺ በየሌሊቱ አንሶላ ስትቀይሪ፣ ጀርባ ስታጥቢ፣ የማያውቁሽን ሰዎች ውኃ ስታጠጪ ይህ ቃል እየተፈጸመ ነው። እሱን ከጸሎት ቆጥረሽው አታውቂም። ያን ሁሉ ዓመት ጸልዬ ምን አፈራሁ ስትዪ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የምትሠሪውን አላየሽውም።

ልጆችሽም ግን ከእነዚያ ታናናሾች ውስጥ ናቸው። ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። ልጅሽ ያለው ነገር ያማል፤ ግን ልክ ነው። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂው። የቡድሂስት መነኮሳት በየአሥራ አምስት ቀኑ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ተሰብስበው ጥፋታቸውን ይናገራሉ። ክርስቲያኖችም ያዕቆብ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ብሎናል። ለእግዚአብሔር ነግረሽ ለልጁ ሳትነግሪው ከቀረሽ ጉዳዩ ግማሹ ቀርቷል። ተኝተሽ ከተነሣሽ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሌሎች በሌሉበት አጠገቡ ተቀመጪ። «ባለፈው ያልከው እውነት ነው። ጮኼብሃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ» በዪው። «ግን አንተም» የሚል ነገር አትጨምሪበት። ሥራሽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም አታስረጂው፤ ሌላ ቀን ይደርሳል። ከዚያ ጠዋት ስገባ ምን ባደርግ ይሻላል ብለሽ ጠይቂው። ልጆች ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጡም።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሪ። ቤት ስትደርሺ በሩን ከመክፈትሽ በፊት ቁሚ። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የምታደርጊውን እዚያም አድርጊው። እስከ ዛሬ ዝግጅቱ ሁሉ ለአረጋውያኑ ነበር። ለልጆችሽም ይገባል። የልጆቹን ስም ጥሪ፣ ማረኝ በዪ፣ ግቢ። እንደገና የምትጮኺበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀንም ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።

ስለ መታሰቢያው፣ ሂጂ። የሥራ ጓደኛሽ እናቷን ቀብራ ጠርታሻለች። ጳውሎስ «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» ሲል የሚያለቅሰው ሰው የማን ተከታይ እንደሆነ አልጠየቀም። ረጋ ብላ ብታዪያትም አላዘነችም ብለሽ እንዳትወስጂው። አናንዳ ቡድሃ ሊሞት ሲል ከበሩ ተደግፎ አልቅሷል። ኢየሱስም ለአልዓዛር እንባውን አፍስሷል።

እዚያ ምን እንደሚያጋጥምሽ አስቀድመሽ ብታውቂ ይቀልሻል። ጫማ ታወልቂያለሽ። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ ስለማይበሉ ምግቡ የሚቀርበው ከእኩለ ቀን በፊት ነው። መነኩሴን አትንኪው፤ ሥርዓታቸው ከሴት ጋር መነካካትን አይፈቅድም። እግርሽን ወደ መነኮሳቱም ሆነ ወደ ቡድሃ ምስል ዘርግተሽ አትቀመጪ። ሰዎች ሲሰግዱ አንቺ ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ፤ ማንም አይቀየምሽም። አበባ ወይም ዕጣን እንድታቀርቢ ብትጋበዢ በትሕትና እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ማለፍ ይበቃል። በእንዲህ ዓይነት ሥነ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከማሰሮ ወደ ጽዋ ውኃ ይቀዳል፤ ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ይቀዳል። መነኮሳቱ እየዘመሩ ነው ይህ የሚደረገው። ወንዞች ሞልተው ባሕርን እንደሚሞሉ፣ እዚህ የተሰጠው ለሞቱት ይድረስ የሚል ነው መዝሙሩ። የበጎ ሥራቸውን ፍሬ ለእናታቸው ማስተላለፋቸው ነው። በዚያ ሰዓት አንቺ በልብሽ በራስሽ መንገድ ለሴትዮዋ ምሕረት ለምኚ።

ምግቡን በተመለከተ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 የማያምን ሰው ቢጠራችሁና ለመሄድ ብትወዱ፣ ከኅሊና የተነሣ ሳትመራመሩ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። ይህ የተሠዋ ነው ካሏችሁ ግን ተዉት ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ለምስሉ የሚቀርበው ለብቻው ተለይቶ ነው፤ እንግዳ የሚበላው ሌላ ነው። ካስጨነቀሽ አስቀድመሽ ባልደረባሽን ጠይቂያት። ለጸሎት ጓደኛሽም ከመሄድሽ በፊት ንገሪያት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል። ለምን እንደምትሄጂም፣ የት ላይ እንደምትቆሚም ንገሪያት፤ እንድትጸልይልሽም ለምኚያት።

ዝግጅቱ ከቀትር በፊት ስለሆነ የዋዜማውን አዳር ከሌላ ሰው ጋር ተቀያየሪ። በዕለቱ ማታ እሷ ተረኛ ከሆነች ደግሞ የእሷን ፈረቃ ያዢላት። የሚያስፈልጋት ይህ ሊሆን ይችላል።